ውኃ የሌላት ደሴት፦ የምጽዋ ታሪክና ሕዝብ

በጎንደር ከተማ ለታሪክ ወዳጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

ክቡራን ታዳሚዎች፣

አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉበት ከ1630ዎቹ ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ፣ ከዚህ ከተማ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርደው ዋና የንግድ መንገድ የሚያልቀው ምጽዋ ላይ ነበር። ሐሩና ከፋዩ፣ ጠመንጃው፣ መስተዋቱ፣ ቁንዶ በርበሬውና ኩሉ በዚያ በኩል ወጣ። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ሰሙ፣ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታም በባርነት የተሸጠው ሰው፣ በዚያ በኩል ወረደ። ከግብፅ የሚሾመው ጳጳስም ብዙውን ጊዜ ከመርከብ የሚወርደው እዚያው ነበር። ይህን ያህል የተሳሰርንባትን ከተማ ስናነሣት ግን ስለ በርነቷ ብቻ እናወራለን። በሩ ላይ እነማን ይኖሩ ነበር? ምን ይጠጡ፣ ምን ይበሉ ነበር? ከዚህ ጥያቄ ከጀመርን ምጽዋ ከጎንደር ነገሥታት ጋር የነበራት ጠብም ሆነ ስምምነት ምክንያቱ ይገባናል። የምጽዋን ሕዝብ ብዛትም ዕጣም የወሰነው ከሁሉ በላይ ውኃና እህል ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በደሴቲቱ ላይ አልነበሩም። (በዚህ ንግግር ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመልክዓ ምድሯ እንጀምር። ምጽዋ ጠፍጣፋ የኮራል ደሴት ናት። ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቷ የዚያን ግማሽ አይሞላም። ከእርሷ ቀጥሎ ወደ የብሱ በኩል ጥዋለት የምትባል ሌላ ደሴት አለች። በስተሰሜን የገራርና የአብደልቃድር ልሳነ ምድሮች ወደ ባሕሩ ገብተው ወደቡን ከነፋስና ከማዕበል ይከልላሉ። መርከበኛን የሚስበው ይህ ነው፤ በዚያ የባሕር ዳርቻ እንዲህ የተከለለ ጥልቅ ውኃ ብዙ የለም። ከወደቡ ውጪ ያለው ግን ለኑሮ የሚመች አይደለም። በክረምታችን ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ሌሊቱንም አያስተኛም። ዝናቡ የሚዘንበው እኛ በጋ በምንለው ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ሲሆን፣ የዓመቱ ድምር 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች።

ይህ ቁጥር ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ጣሪያው 100 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በዓመት 180 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ ከጣሪያው የሚወርደው 18,000 ሊትር ነው። በትነትና በመፍሰስ አንድ አምስተኛው ቢጠፋ 14,400 ሊትር ይቀራል። አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ በቀን 10 ሊትር ብቻ ቢጠቀም በዓመት 3,650 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ሰፊ ጣሪያ የሚያኖረው አራት ሰው ያህል ነው፤ እርሱም ዝናቡ ሳያጓድል ከመጣ፣ ጉድጓዱም ካልተሰነጠቀ። የኮራል ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት ነው። የውኃ ማጠራቀሚያው ውስጡ በኖራ በደንብ ካልተለሰነ ጣፋጩ ውኃ ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ ባሕሩም ወደ ውስጥ ይገባል። አንዴ ጨው የገባበት ጉድጓድ ተቀድቶ ደርቆ እንደገና እስኪለሰን ድረስ አያገለግልም። ከምጽዋ ማዶ በባሕሩ ውስጥ ባለችው በትልቋ የዳህላክ ደሴትም እስከ ዛሬ የሚታዩ እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ጉድጓዶች አሉ፤ ነዋሪዎቹ ቁጥራቸው በዓመቱ ቀን ልክ 365 ነው ይላሉ።

በ1769 ምጽዋ ወርዶ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደሴቲቱን በሦስት ከፍሎ ገልጿታል፦ አንድ ሦስተኛው መኖሪያ ቤት፣ አንድ ሦስተኛው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ የቀረው ሦስተኛ የሙታን መቃብር። አብዛኛው ቤት ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ሲሆን የድንጋይ ቤቶቹ ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ሦስቱ ክፍሎች እኩል መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ለሕያዋኑ የተረፈው ቦታ ለውኃው ከተተወው አይበልጥም ነበር።

ጉድጓዱ ሲያልቅ ውኃ የሚመጣው ከየብስ ነው። ከደሴቲቱ በስተደቡብ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሕርጊጎ አለች፤ የድሮ ጸሐፊዎች አርኪቆ የሚሏት ናት። በስተምዕራብ ደግሞ እምኩሉና ሕጡምሎ አሉ። ከሕርጊጎ ውኃ በጀልባ ይሻገር ነበር፤ ከእምኩሉ ሴቶችና ልጆች በቆዳ እርኮት ያመጡት ነበር። ሥጋውና ወተቱ ከሰምሃር ሜዳ ከብት አርቢዎች፣ እህሉ፣ ቅቤውና ማሩ ከደጋ ይመጣል። እንግዲህ ደሴቲቱን የያዘ ሁሉ የሕርጊጎን ጌታ ማስደሰት ነበረበት ማለት ነው። የቀረው የፖለቲካ ታሪክ ከዚህ የመነጨ ነው።

ኦስማናውያን ቱርኮች በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው። የሐበሻ ግዛት ብለው የሰየሙትን አስተዳደር አቋቁመው ወደ ደጋው ለመውጣት እስከ ድባርዋ ደረሱ፤ አፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ጋር የተባበረውን ጦራቸውን ድል ነሡት። ከዚያ በኋላ ቱርኮች በዳርቻው ላይ ተወሰኑ። የሩቅ መንግሥት ጥቂት ወታደር አኑሮ ደመወዙን ከቀረጥ ይክፈል ቢባልም፣ ወታደሩ የሚጠጣው ከሕርጊጎ ነውና ሥልጣኑ ቀስ በቀስ የውኃው ባለቤት ወደሆኑት ተሻገረ። እነዚህም ከቤጃ ወገን የሚቆጠሩት የበለው ባላባቶች ናቸው። ናይብ (እንደራሴ) የሚለውን ማዕረግ ተቀብለው ቀረጡን እየሰበሰቡ፣ ለሱልጣኑ ድርሻውን እየላኩ፣ ለሐበሻው ንጉሥም እጅ መንሻ እየሰጡ፣ ከሁለቱም ጋር እየተስማሙም እየተጣሉም ኖሩ። ወታደሮቹ ከአናቶልያ፣ ከቦስንያና ከአልባንያ የመጡ ነበሩ። የአገሬውን ሴቶች አግብተው፣ ወታደርነቱንም ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ፣ በሁለት ሦስት ትውልድ ውስጥ ትግረ ተናጋሪ የሕርጊጎና የምጽዋ ሰዎች ሆኑ።

የሕዝቡ ቅይጥነት ከዚህም ይሰፋል። የሰምሃር ትግረ ተናጋሪዎች፣ ከተራራው ሥር የሚኖሩት ሳሆዎች፣ ከደቡቡ ዳርቻ ዓፋሮች፣ የራሳቸው ዳህሊክ የተባለ ቋንቋ ያላቸው የዳህላክ ዓሣ አጥማጆችና ዕንቁ ጠላቂዎች አሉ። ከሐድረመውት፣ ከየመንና ከሒጃዝ የመጡ ዓረቦች፣ ግብፃውያን፣ ከሕንድ የጉጅራት ዳርቻ የሚመጡ ባንያኖች፣ ጥቂት አርመኖችና ግሪኮች አሉ። ከደጋው የወረዱ ጀበርቲ የሚባሉ ሙስሊሞችም አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነዋሪ አልነበሩም፤ የምጽዋን ሕዝብ ለመረዳት ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ባንያኑ ብድር ይሰጣል፣ ዕንቁና የዝሆን ጥርስ ይገዛል፣ ቤተሰቡ ግን በአገሩ ነው፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይመለሳል። ሐድረሚው ግን አግብቶ ቤት ሠርቶ ይቀራል፤ ልጆቹ ምጽዋዊ ይሆናሉ። በቤት ትግረ፣ በሱቅና በመስጊድ ዓረብኛ ይነገራል። በደሴቲቱ ካሉት አንጋፋ መስጊዶች አንዱ የሼኽ ሐናፊ መስጊድ ነው።

አሁን ከጎንደር እንውረድ። የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች፣ ማለትም አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ በኋላ በዚያ ሰፈር የጸኑት፣ በነጋድራስ እየተመሩ ክረምቱ ሲወጣ ይነሣሉ። ተከዜ ሞልቶ ሳለ መነሣት ዕቃን ለጎርፍ መስጠት ነው። መንገዱ በደባርቅ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት፣ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬና በአክሱም አድዋ ይገባል፤ ከዚያ መረብን ተሻግሮ በድግሳ በኩል የታራንታን ገደል ወርዶ ሕርጊጎ ይደርሳል። በየኬላው ቀረጥ አለ፤ ክርክሩም ቀን ይበላል። ብሩስ በኅዳር ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት ነው፤ ሦስት ወር መሆኑ ነው። ጭነት ያለው ነጋዴ ከዚያም ሊቆይ ይችላል። ትልቁ ችግር የታራንታ ግርጌ ነው። ግመል በሜዳው ይሄዳል፣ ገደሉን ግን አይወጣም፤ ስለዚህ ዕቃው በሙሉ እዚያ ወርዶ ለበቅሎ፣ ለበሬና ለሰው ጫንቃ ይከፋፈላል። የአንድ ግመል ጭነት ሁለት በቅሎ ይፈልጋል። ተሸካሚዎቹና መንገድ መሪዎቹ ሳሆዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ዋጋ ያልተስማማ ነጋዴ ዕቃውን ይዞ በሙቀቱ ይቀመጣል።

የባሕሩም ጊዜ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በደቡባዊው ቀይ ባሕር በበጋችን ወራት ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ከሕንድና ከሞካ የሚመጣውን መርከብ ወደ ላይ ይገፋል። ነጋዴው ከደጋ፣ መርከቡ ከባሕር፣ ዝናቡም ከሰማይ በአንድ ወቅት ደሴቲቱ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ወቅት ደሴቲቱ ትጨናነቃለች፤ ሙቀቱ ሲበረታ አቅም ያለው ሁሉ ወደ እምኩሉና ወደ ቆላው ሰፈሮች፣ አልፎም ወደ ደጋ ይወጣል። ስለዚህ አንድ መንገደኛ በጥር የጻፈውን የነዋሪ ብዛት ሌላው በሐምሌ ከጻፈው ጋር አነጻጽሮ «ከተማዋ አደገች» ወይም «ጠፋች» ማለት ስሕተት ነው። ሁለቱም እውነት አይተው ሊሆን ይችላል።

በ1690ዎቹ ናይብ ሙሳ የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ዕቃ ቀረጥ ካልተከፈለበት አላሳልፍም አለ። ዕቃው ለንጉሡ በውጭ አገር ሲነግድና ሲላላክ የነበረው አርመናዊው ኮጃ ሙራድ ያመጣው ነበር። ንጉሡ ደሴቲቱን ለመውጋት መርከብ የላቸውም፤ መርከብም አላስፈለጋቸውም። ከደጋ ወደ ዳርቻው የሚወርደው እህል እንዲቆም አዘዙ፤ ናይቡም ተረታ። ለእኔ የጎንደር ዘመን የባሕር ፖለቲካ ከዚህ በላይ በግልጽ የታየበት ጊዜ የለም። ደሴቲቱን መያዝ ውኃና ቀለብ የመሸከም ዕዳ ነበር፤ የእህሉን መንገድ መያዝ ግን ያለ አንድ ጥይት የደሴቲቱን ጌታ ማስገደጃ ነበር።

ናይቡም ባዶ እጁን አልነበረም። ጠመንጃና ባሩድ ማሳለፍም ማስቀረትም ይችላል። ጳጳሱን ይዞ ገንዘብ እስኪከፈል ማቆየት ይችላል፤ ጳጳስ ከሌለ ደግሞ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም፣ ንጉሡንም የሚቀባ የለም። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካስወጡ በኋላ ከምጽዋና ከሱአኪን ፓሾች ጋር ተስማምተው የካቶሊክ ቄሶች እንዳይገቡ ያደረጉትም በዚሁ በር ጠባቂነት በኩል ነው። አንዱ ሌላውን ማስራብ፣ ሌላው አንዱን መዝጋት ይችል ነበር፤ የሁለት መቶ ዓመቱ ሰላም የቆመው በዚህ ሚዛን ላይ ነው።

ሚዛኑን የሰበረው የ19ኛው ምዕተ ዓመት ምሕንድስና ነው። የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል በ1865 ምጽዋን ከኦስማናውያን ተረከበ። በ1871 የተሾመው ስዊዘርላንዳዊው ገዥ ቨርነር ሙንዚንገር በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር አሠራ። አንደኛው ምጽዋን ከጥዋለት፣ ጥዋለትን ከየብስ የሚያገናኙት በባሕሩ ላይ የተደለደሉ መንገዶች ናቸው። ሁለተኛው ከእምኩሉ የውኃ መስመር ነው። ከዚህ በኋላ ውኃ በጀልባ ሳይሆን በመስመር ይመጣ ጀመር፤ ሠራተኛው በየብስ እያደረ ደሴቲቱ ላይ መዋል ቻለ። የሕርጊጎ የውኃ ሥልጣን አበቃ፤ ናይቦቹም ተራ ባላባቶች ሆኑ። ሙንዚንገር ራሱ በ1875 አውሳ ላይ ተገደለ፤ በዚያው ዓመትና በማግሥቱ የግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ተሸነፈ፤ ድልድሎቹ ግን ቆዩ።

ውኃ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ሌላ ምስክር እንጥራ። በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የናፒየር ጦር የወረደው ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ነው። ጠባቧ ደሴት ያን ሁሉ ሠራዊትና እንስሳ አትችልም። ዙላም በቂ ጣፋጭ ውኃ አልነበራትም፤ እንግሊዞች የባሕሩን ውኃ በመርከቦቻቸው ማሞቂያ እያፈሉ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ያጠጡ ነበር። የድንጋይ ከሰል ያለው ብቻ የሚችለው የውኃ ምንጭ ነው።

በሰኔ 1884 የተፈረመው የአድዋ ውል የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ፈቅዶ ነበር። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 5 ቀን 1885፣ ጣልያኖች ከተማይቱን ያዙ። ራስ አሉላ የቀድሞውን ዘዴ ሞክረው መንገዱን ዘጉ፤ ጥር 26 ቀን 1887 ደግሞ ዶጋሊ ላይ ወደ ሰዓጢ ይሄድ የነበረውን አምስት መቶ ያህል ጦር ደመሰሱ። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል። በእንፋሎት መርከብ ቀለብ ከሩቅ ማምጣት የሚችል ኃይል እንደ ናይቡ በእህል አይረታም። ከሩቅ የመጣው ቀለብ ደግሞ ሌላ መዓት ይዞ መጣ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ1887 አካባቢ ከሕንድ ለጣልያን ጦር በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ጎንደር በደርቡሾች በተቃጠለችበት በዚያው ሰሞን መላውን ደጋ አዳረሰ። በሬው አለቀ፣ ማሳው ጦም አደረ፤ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ረኀብ ተከተለ። ምጽዋን ስናነሣ ይህን መርሳት የለብንም፤ የምንወርድበት መንገድ የሚወጣበትም ነበር።

ከ1890 ጀምሮ የጣልያን ቅኝ ግዛት የኤርትራ ዋና ከተማ የሆነችው ምጽዋ ሥፍራዋን በምዕተ ዓመቱ መባቻ ለአስመራ ለቀቀች። የባቡሩ ሐዲድ በ1911 አስመራ ሲደርስ ወደቧ ሥራ አገኘች፤ ቀረጥ ከፋዩና ባለሥልጣኑ ግን ደጋ ወጣ። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ የከተማዋን ብዙ ክፍል አፈረሰ።

ስለ ቤቶቹ ጥቂት ልቆይ፤ ፋሲል ግቢን ለሚጠብቅ ከተማ ሰው ይህ ባዕድ ጉዳይ አይደለም። የምጽዋ የድሮ ቤት ግድግዳ ከባሕር ተቆርጦ የደረቀ የኮራል ድንጋይ ነው፤ ማያያዣው ኮራል ተቃጥሎ የሚገኝ ኖራ ነው፤ በየጥቂቱ ክንድ ከፍታ አግድም እንጨት ይገባበታል፣ ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ጭነቱን የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። ጨዋማው እርጥበት ከመሠረት ወደ ላይ ይወጣል፣ በኖራው ልስን በኩልም ይተናል። ይህ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጨው ከልስኑ ጀርባ እየጠጠረ ድንጋዩን ይፈረካክሰዋል። የኮንክሪት ምሰሶ ሲጨመር ደግሞ በውስጡ ያለው ብረት በጨዉ ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። እንጨቱ ሲበሰብስ ካልተተካ ፎቁ በአንድ በኩል ይሰምጣል። ስለዚህ በቅንነት የተደረገ የሲሚንቶ ጥገና ቤቱን ከመተው ይልቅ ሊጎዳው ይችላል። የኛም ግንቦች የተሠሩት በኖራ ነው፤ ሲሚንቶ ለእነርሱም አይመችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1941 ጣልያኖች ለእንግሊዞች ከመልቀቃቸው በፊት በወደቡ መርከቦች አሰመጡ። በፌዴሬሽኑ ጊዜና ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሠፈር ስለነበረች አማርኛ ተናጋሪ መርከበኞችና ቤተሰቦቻቸው ኖረውባታል፤ ጎንደርም ልጆቿን ልካለች። በ1975 ሕርጊጎ በመንግሥት ጦር ተቃጥላ ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለባት፤ ያች ለሦስት መቶ ዓመት ደሴቲቱን ያጠጣች ከተማ ናት፣ ኀዘኗም ሊነገር ይገባል። በየካቲት 1990 በተደረገው ውጊያና ከዚያ በተከተለው የአየር ድብደባ አሮጌው ሰፈር ክፉኛ ተጎዳ። ከ1993 ጀምሮ የነፃዪቱ ኤርትራ ከተማ ናት።

ስለ ቁጥሯ ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቁጥሩ የደሴቲቱ ብቻ ነው ወይስ ጥዋለትንና የየብሱን ሰፈሮች ያጠቃልላል? ከድልድሎቹ ወዲህ አብዛኛው ሰው የሚያድረው በየብስ በኩል ነውና ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በየትኛው ወር ተቆጠረ? ወታደሩና መርከበኛው ገብቷል ወይስ ቀርቷል? እነዚህ ሳይመለሱ የሁለት ዘመን ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

ለታሪክ ተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ሥራ እንተው። የጎንደር ነገሥታትን ዜና መዋዕል ስታነቡ ምጽዋ ባጽዕ፣ ሕርጊጎም ድኆኖ ተብለው ይመጣሉ። በነዚህ ስሞች ፈልጉ። ናይቡ በተጠቀሰበት ገጽ ሁሉ እህል ወይም መንገድ ስለ መዘጋቱ የሚናገር መስመር ካለ መዝግቡ፤ ወሩንም ከተከዜ ሙላትና ከነጋዴው መነሻ ጋር አስተያዩት። በአዲስ ዓለም በኩል ደግሞ የአያቶቻቸውን የንግድ መዝገብና የብድር ወረቀት በሣጥን ያስቀመጡ ቤተሰቦች ካሉ፣ ወረቀቱ ሳይበላሽ በፈቃዳቸው ፎቶ ይነሣ፤ ዋናው በእጃቸው ይቆይ።